ወሕሺ ለምን ገደለ?
የሲራ ድራማዎችና የመልካ ጀብዱ ተመልካቾች ሙግት



ወሕሺ ሐምዛን (ረ.ዐ) የገደለው ለምንድን ነው? ለነፃነቱ ነው? ለሀብት ነው? ወይስ ለሴት ሲል? ጥያቄው ከመድረሳ የሲራ ክፍለ ጊዜ የተቀዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን አይደለም። ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በመልካ ጀብዱ ከመግሪብ በኋላ ቴሌቪዥን ዙሪያ የሚሰበሰቡ ተመልካቾች ጥያቄ ነው። አንዱ ወገን «አር-ሪሳላ» የተሰኘውን የቆየ ፊልም ይዞ ይከራከራል፤ ሌላው «ዑመር» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ። ሁለቱም ወሕሺን በዓይናችን አይተነዋል ባዮች ናቸው። ያዩት ግን አንድ ሰው አይደለም።

እኔ መምህር ነኝ። ቀን በመደበኛው ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ ደግሞ በመድረሳ አስተምራለሁ። ጠዋት «ቲቸር»፣ ማታ «ኡስታዝ» ነው የምባለው። ስለዚህ ሙግቱ ከሁለቱም በኩል ይደርሰኛል። በእኛ አካባቢ ክርክር በኦሮምኛ ይጀመርና በሶማልኛ ይጦፋል፤ የሽምግልናው ቃል ሲመጣ በአማርኛ ይመጣል። በአንድ ምሽት የሰማሁትን ላካፍላችሁ።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ውሎ የመጣ አንድ ወጣት «አቦ፣ ወሕሺ የተገዛ ሰው ነው! ሂንድ ሀብት አሳየችው፣ ሄዶ ገደለ፣ በቃ» አለ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወዲያው መለሰችለት፤ «ደግሞ ሊገዛ ምን ቀረው? ድሮም የተገዛ ባሪያ ነበር። የፈለገው ነፃ መውጣት ነው።» አጠገቧ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ ጣልቃ ገባ፤ «አይደለም፣ ሪሓናን ሊያገባ ነው።» ይህን ጊዜ ጥግ ይዘው ተስቢሃቸውን ሲቆጥሩ የነበሩት ሐጂ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ሪሓና ደግሞ ማን ናት?» አሉት። ልጁ በድራማው ላይ ያያትን ሴት ገለጸላቸው። እሳቸው ግን የጠየቁት ስለ ድራማው አልነበረም። በየትኛው ኪታብ እንዳለች ነበር የፈለጉት። ለዚያ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ሪሓና ድራማው ለወሕሺ የፈጠረለት ገጸ ባሕርይ ናትና።

በድራማ ላይ መሟገት ለሀገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ሥርጭት ሲጀምር ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች ቤታችን ገቡ። የሀገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎች ሥራችንን የሚያቀጭጭ ነው ብለው ተቃውሞ አሰሙ። ሰፈሩ ግን በሌላ ጉዳይ ተጠምዶ ነበር፤ እገሌ እገሊትን ለምን ከዳት? እናትየው ምስጢሩን ለምን ደበቀች? በዚህ ዓይነት ሙግት ከጊዜያችን በቀር የሚጎዳ የለም። ሰዎቹ የፈጠራ ሰዎች ናቸው፤ ጸሐፊው እንዳሻው ቢያደርጋቸው በቂያማ ቀን ተነስተው አይከሱትም። ወሕሺ ግን የኖረ ሰው ነው። ሂንድም እንደዚሁ። የሠሩትና የተናገሩት በሰነድ ተያይዞ ደርሶናል።

እስኪ ሁለቱን ሥራዎች ቀረብ ብለን እንያቸው። «አር-ሪሳላ» እ.ኤ.አ በ1976 የቀረበ የሙስጠፋ አል-ዐቃድ ፊልም ነው። ዐቃድ ሶሪያ ተወልዶ በአሜሪካ ፊልም የተማረ ሰው ነበር። ፊልሙን ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ ቀረጸው፤ አንዱን በዐረብኛ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ፣ ተዋንያኑን እየቀያየረ። በዐረብኛው ሐምዛን ሆኖ የሠራው ግብፃዊው ዐብደላህ ጘይስ፣ ሂንድን የሠራችው ሶሪያዊቷ ሙና ዋሲፍ ናት። በእንግሊዝኛው አንቶኒ ኩዊንና አይሪን ፓፓስ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። በሳቸው ቦታ የቆመው ካሜራው ነው፤ ሰዎች ወደ ካሜራው እያዩ ይናገራሉ። (ዐቃድ እ.ኤ.አ በ2005 በአማን ሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ሕይወቱ አለፈ። ስለ እስልምና ለዓለም ሊናገር የደከመ ሰው እንዲህ ባለ እጅ መሞቱ ልብን ያደማል።)

«ዑመር» የቀረበው እ.ኤ.አ በ2012 በረመዳን ነው፤ በኤምቢሲና በኳታር ቴሌቪዥን። ድርሰቱ የወሊድ ሰይፍ፣ ዝግጅቱ የሶሪያዊው ሓቲም ዐሊ ነው። ጽሑፉን ዩሱፍ አል-ቀርዷዊና ሰልማን አል-ዐውዳህን የመሳሰሉ ዑለማዎች መርምረውታል። ይህም ሆኖ አራቱን ኸሊፋዎች ተዋናይ ሊወክላቸው አይገባም በማለት አል-አዝሀር ተቃውሟል፤ የሳዑዲው ሙፍቲም እንደዚሁ። በዚህ ነጥብ ላይ የምለው የለኝም፤ ፈትዋ የመስጠት ዕውቀቱም ደረጃውም የለኝም። አይቶ መከራከር ግን ሆኗል፤ ልጆቻችን አይተውታል። የኔ ነገር ካዩት በኋላ ስለሚሉት ነው።

ወደ ወሕሺ እንመለስ። በ«አር-ሪሳላ» ፊልም ወሕሺን የምትገዛው ሂንድ ናት። ጦር ሲወረውር ታየዋለች፤ ነፃነትንና ሀብትን ቃል ትገባለታለች፤ እሱም ቃል ሳይመልስ ይሄዳል። ወሕሺ በዚያ ፊልም ውስጥ አፍ የለውም ማለት ይቻላል። ክንድና ጦር ብቻ ነው። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣው ወጣት «የተገዛ ሰው» ቢል አልፈርድበትም፤ ፊልሙ ያሳየው ያንኑ ነው።

ወሕሺ ራሱ የተናገረው ግን አለ። ኢማም ቡኻሪ በሶሒሓቸው አስፍረውታል። ከዘመናት በኋላ ሒምስ በምትባለው የሻም ከተማ ሲኖር ሁለት ሰዎች መጥተው የሐምዛን አሟሟት እንዲነግራቸው ጠየቁት፤ ነገራቸው። ሐምዛ (ረ.ዐ) በበድር ጦርነት ጡዐይማ ኢብን ዐዲይን ገድሎ ነበር። የወሕሺ ጌታ ጁበይር ኢብን ሙጥዒም የጡዐይማ የወንድም ልጅ ነው። ጌታው ሐምዛን በአጎቴ ፋንታ ከገደልክ ነፃ ነህ አለው። ወሕሺ ወደ ኡሑድ ወጣ፤ ከአለት ሥር አደፈጠ፤ ሐምዛ ሲቀርብ ጦሩን ወረወረ። በዚህ ትረካ ውስጥ ወርቅ የለም፤ ሐር የለም። ሴትም የለችም። ነገሩ በጌታና በባሪያ መካከል ያለቀ ነው።

ይህን በመድረሳ ሳነበው ያቺ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ታዲያ ኡስታዝ፣ ጁበይር በፊልሙ ላይ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ለፊልም ሠሪ ጁበይር አይመቸውም። አጎቱን ያጣ አንድ የቁረይሽ ሰው ነው፤ ተመልካች ከዚያ በፊት አያውቀውም፤ ከዚያ በኋላም አያገኘውም። ሂንድ ግን በበድር አባቷን፣ አጎቷንና ወንድሟን ያጣች፣ የአቡ ሱፍያን ሚስት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመድረኩ ላይ ያለች ናት። ሁለት ተበቃዮችን ከማሳየት አንዷን ማግዘፍ ይቀላል። በኢብን ኢስሓቅ የሲራ ዘገባም ሂንድ ወሕሺን ባየችው ቁጥር ታደፋፍረው እንደነበር ተጽፏል። ስለዚህ ፊልሙ ከባዶ አልተነሳም። የሠራው ማደፋፈሯን ወስዶ ቃል ኪዳን አደረገውና የጌታውን ቃል ከታሪኩ ማውጣት ነው።

ውጤቱን ተመልከቱት። ባሪያውን ነፃነቱን አስይዞ ወደ ግድያ የላከው ጌታ ከወንጀሉ ወጣ፤ ሸክሙ በሙሉ በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ወደቀ። በሰፈራችን ክፉ ሴትን «ሂንድ» ብለው ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ሂንድ እኮ በመካ መከፈት ጊዜ ሰልማ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ኪዳን የገባች ሶሃቢያ ናት! ጉበት በላች የሚለውም ዘገባ ቡኻሪ ባሰፈሩት በወሕሺ ትረካ ውስጥ የለም፤ የመጣው በሌሎች መንገዶች ነው፤ የሰነዱ ጥንካሬም እኩል አይደለም። ፊልሙን ያየ ልጅ ግን ሁሉንም በአንድ ሚዛን ይዞ ያድጋል። ጁበይርም ቢሆን ቆይቶ ሰልሟል፤ ሐዲስ ካስተላለፉት ሶሃቦች አንዱ ነው። ይህን ሳነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። አጥቂውም፣ ላኪውም፣ አደፋፋሪዋም በመጨረሻ አንድ ሶፍ ውስጥ መገኘታቸው ለልጅ አእምሮ ከባድ ነው። ለአዋቂም ቀላል አይደለም።

በዚህ ረገድ «ዑመር» ድራማ ይሻላል ባይ ነኝ። ወሕሺን ሰው አድርጎታል። ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር ያነጋግረዋል፤ የሚፈልገውንና የሚፈራውን እንዲናገር ዕድል ይሰጠዋል። እነዚያ ንግግሮች በኪታብ የተጻፉ አይደሉም፤ የወሊድ ሰይፍ ብዕር ሥራ ናቸው። ግን የነገሩን እውነት አልገለበጡም። ቢላልም ወሕሺም በአንድ ከተማ የኖሩ ባሮች ነበሩ። አንዱን ጌታው ኡመያ ኢብን ኸለፍ በጋለ አሸዋ ላይ ቢያስተኛው «አሐድ፣ አሐድ» አለ፤ አቡበክርም (ረ.ዐ) ገዝተው ነፃ አወጡት። ሌላው የነፃነቱን ዋጋ በጦር ከፈለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም የጸሐፊው ምርጫ ነው፤ ጥሩ ምርጫም ነው።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ ከሌላው ተመልካች ይልቅ ይቀርበናል። ቢላልም ወሕሺም «ሐበሺ» ናቸው። የቢላል እናት ሐማማ ከሐበሻ ነበረች። ስለ ወሕሺም ኢብን ኢስሓቅ ሲጽፉ እንደ ሐበሾች አወራወር ጦር የሚወረውር፣ ብዙም የማይስት እንደነበር ጠቅሰዋል። አንድ ተማሪዬ «ኡስታዝ፣ በፊልሞቹ ላይ ጥቁር ሰው ሲመጣ ወይ ቢላል ነው ወይ ገዳይ» አለኝ። ቀልድ ነው ብለው የሳቁ ነበሩ፤ እኔ አልሳቅሁም። ልጁ የቆጠረው ትክክል ነው ለማለት ይከብደኛል፤ ፊልሙ ላይ ነጃሺም አለና። ግን አፍ የሌለው ጥቁር ገዳይ በአንድ መንደር ልጆች ልብ ውስጥ ምን እንደሚተው የሚያውቀው ልጁ ነው። «ዑመር» ለወሕሺ አፍ ሲሰጠው ያ ልጅ ያስተዋለውን ጉድለት አስተካክሏል።

የሪሓና ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ለነፃነት ሲል ሰው የገደለ ባሪያ ታሪክ በቂ አይደለም ወይ? ለምን ፍቅር ይጨመርበታል? ድራማ ጸሐፊዎች ተመልካች ያለ ፍቅር ታሪክ አይቀመጥም ብለው የሚያስቡ ይመስለኛል። ነፃነት ራሱ ሰውን ለዚህ ሊያደርስ እንደሚችል ለማመን የተቸገሩ ይመስል! የዚያን ምሽት የልጁ መልስ «ሪሓናን ሊያገባ ነው» ነበር። ጌታውም፣ በቀሉም፣ የባርነት ቀንበሩም ከጭንቅላቱ ወጥተው የተፈጠረችው ሴት ብቻ ቀርታለች።

የታሪክን ጎዶሎ በፈጠራ መሙላት ሁልጊዜ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። «ዲሪሊሽ ኤርቱግሩል» የተሰኘውን የቱርክ ድራማ ወጣቶቻችን በስልካቸው ሳይቀር ተከታትለውታል፤ እ.ኤ.አ ከ2014 እስከ 2019 በ5 ምዕራፍ፣ በ150 ክፍል የቀረበ ነው። ስለ ኤርቱግሩል ታሪክ በእርግጠኝነት የሚያውቀው በጣም ጥቂት ነው፤ ልጁ ዑስማን ባሳተመው ሳንቲም ላይ የአባቱ ስም መገኘቱ ከጠንካሮቹ ማስረጃዎች አንዱ ነው። ከአንድ ሳንቲም 150 ክፍል ወጣ ማለት ነው! ስለዚህ እገሌ ለምን ከዳ እያሉ ሌሊቱን መከራከር የጸሐፊውን ሐሳብ መከራከር እንጂ ታሪክን መከራከር አይደለም። ይህን አውቆ ለሚያይ ሰው ጉዳቱ ትንሽ ነው።

የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ድራማ ደግሞ የተለየ ነው። የኢራናዊው ፈረጁላህ ሰለሕሹር ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ በ2008 የቀረበ ባለ 45 ክፍል ድራማ ነው። የነቢይን መልክ በተዋናይ ማሳየቱ በሱኒ ዑለማዎች ዘንድ ተወግዟል። በእናቶች ዘንድ የሚያከራክረው ግን የዙለይኻ ነገር ነው፤ በመጨረሻ ወጣትነቷ ተመልሶላት ዩሱፍን አገባች፤ ይገባታል ወይስ አይገባትም? ቁርኣን የዐዚዝን ሚስት በስም አይጠራትም። ጥፋቷን ማመኗን ይነግረናል፤ ስለ ጋብቻ የሚለው የለም። ያ ክፍል በተፍሲር መጻሕፍት ከገቡ የቆዩ ትረካዎች የመጣ ነው። አንዲት እናት ይህን ስነግራቸው ትንሽ ቅር ብሏቸው «ታዲያ ያን ያህል አልቅሼ ለማን ነው?» አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን በየትኛውም ስክሪን ላይ በሙሉ ሊታይ የማይችለው ክፍል ነው። ወሕሺ መካ ስትከፈት ወደ ጧኢፍ ሸሸ። የጧኢፍ ሰዎች መልእክተኞች ሲልኩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መልእክተኛን አይጎዱም ተብሎ ስለተነገረው አብሯቸው መዲና ገባ። እሳቸውም ባዩት ጊዜ ወሕሺ አንተ ነህ ወይ ብለው ጠየቁት፤ ሐምዛን የገደልከውስ አንተ ነህ አሉት። አዎን አለ። ከዚያ ፊቱን ከእሳቸው ሊያርቅ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። ወጥቶ ሄደ። ይህን ሊቀርጽ የሚነሳ ሁሉ ማሳየት የሚችለው የወሕሺን ፊት ብቻ ነው።

በመድረሳ ይህ ክፍል ሲነበብ አንድ ልጅ «ይቅር ካሉት ለምን ፊቱን ማየት አልፈለጉም?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ይቅር አላሉትም ማለት ነዋ» አለ። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እስልምና ከፊቱ የነበረውን ይሰርዛል፤ ወሕሺ እስልምናው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ማንም አልቀጣውም። ሐምዛ ግን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጎት ብቻ አልነበሩም። ሱወይባ ሁለቱንም አጥብታቸዋለችና የጡት ወንድማቸውም ነበሩ። የወንድምን ገዳይ ይቅር ማለትና ፊቱን በየቀኑ ማየት መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መልካ ጀብዱ ውስጥ በሽማግሌ የታረቁ፣ ደም የተካካሱ፣ ግን በአንድ መንገድ የማይተላለፉ ቤተሰቦችን ልጆቹ ያውቃሉ። ያን ስጠቅስላቸው ብዙ ማብራራት አላስፈለገኝም።

ወሕሺ ከዚያ በኋላም ታሪኩ አላበቃም። በአቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋነት ዘመን ሐሰተኛው ነቢይ ሙሰይሊማ ሲነሳ ምናልባት በእርሱ የሐምዛን ነገር ባካክስ ብሎ ዘመተ፤ ይህንንም የተናገረው ራሱ ነው። በየማማ ጦርነት ሙሰይሊማን በጦር ወጋው፤ አንድ አንሷሪም በሰይፍ ደገመው። በዚያው ዘገባ ላይ ከቤት ጣሪያ የነበረች አንዲት አገልጋይ መሪያቸውን የገደለው ጥቁሩ ባሪያ መሆኑን እየጮኸች ስትናገር ይገኛል። ነፃ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ለእሷ ግን አሁንም ጥቁሩ ባሪያ ነው። ፊልሞቹ ስለ ቢላል አምርረው ያሳያሉ፤ ይህችን ጩኸት ግን ያያት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ድራማ ጸሐፊ ብሆን ሪሓናን ትቼ እሷን ነበር የምይዘው።

አሁን በመድረሳችን ሐሙስ ማታ የምናደርገው ቀላል ነው። ድራማውን ያየ ልጅ ያየውን ይናገራል፤ ከዚያ ኪታቡ ይነበባል፤ ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው ያወጣሉ። ሐጂም ይመጣሉ፤ «ማን ዘገበው?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ያለፈው ሐሙስ የነጃሺ ተራ ነበር። በፊልሙ ነጃሺ ጃዕፈርን (ረ.ዐ) ካዳመጠ በኋላ በበትሩ መሬት ላይ መስመር ይሰምራል። በሲራው ከመሬት ስንጥር አንስቶ ዒሳ ጃዕፈር ካለው የዚህችን ያህል እንኳ እንደማያልፍ ተናገረ። አንደኛው ወገን መስመሩ ለዓይን ይበልጥ ይገባል አለ። ሌላው ስንጥሯን ለምን ይቀይሯታል፣ ምን ጎደላት አለ። የዒሻ አዛን እስኪሰማ አልተስማሙም፤ ለሚቀጥለው ሐሙስ አሳድረውታል።